እኔ እያለሁ ማን ይከፍላል?

የቆላው ሙቀት ሰው ያናድዳል ይላሉ። እኔን ግን ሸዋ ሮቢት ላይ ያቃጠለኝ ሙቀቱ ሳይሆን መደብ የሚሉት ነገር ነው።

ቅዳሜና እሁዴን ሰውቼ፣ ልጆቼን ለጎረቤት እየተውኩ፣ ከዲፕሎማ ነርስነት ተነስቼ ዲግሪዬን ያዝኩ። ማስረጃዬን ይዤ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ዘንድ ስገባ «በዲግሪ የሚከፈልበት ክፍት መደብ የለም፤ ሲፈቀድ እናይልሻለን» አለኝ። ጠበቅሁ። መደቡ ተፈቀደና ከውጭ አዲስ ነርስ ተቀጠረችበት። የደም ሥር ሲጠፋባት እጇን ይዤ ያሳየኋት እኔ፣ የወባው ጊዜ ሲመጣ ሁለት በሽተኛ በአንድ አልጋ ማስተኛት ያስለመድኳት እኔ፤ ደሞዙ የሷ! ፊት ከወጣ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ ማለት ይኸው ነው። የሚከፈላትን የነገረችኝም ራሷ ናት፤ የኔም ያው መስሏት።

ልጅቷ ደግሞ ለመጥላት እንኳ አትመችም። «እትዬ፣ እትዬ» እያለች ከኋላዬ አትጠፋም። ምሳ የምንበላው ከመንገዱ ማዶ፣ ወደ ጀውሃ የሚያልፉ የጭነት መኪኖች የሚቆሙበት ምግብ ቤት ነው። ታላቅ እያለ ታናሽ አይከፍልምና ከመጣች ጀምሮ ሒሳቡ የኔ ነው። ከኔ በላይ እንደምታገኝ ካወቅሁ በኋላም እጄ ልማዱን አልተወም። ቦርሳዋን ስትከፍት «እኔ እያለሁ!» ብዬ እቆጣታለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ደግሞ በራሴ እበግናለሁ።

አንድ ቀን ግሉኮስ የሰቀልኩላቸው፣ ከማጀቴ ከተማ የመጡ ሽማግሌ «ሲስተር፣ አላህ ይጨምርልሽ» ብለው መረቁኝ።

«አላህስ ይጨምር ነበር አባባ፣ መደብ የለም እንጂ» አልኳቸው።

አጠገቤ መድኃኒት በመርፌ ስትቀዳ የነበረችው ልጅ ቀና አለች። «የምን መደብ ነው እትዬ?»

ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። «እኔኮ እኩል የምናገኝ መስሎኝ! ነገ አብረን እንገባለን» አለች።

ገባን። ኃላፊው እኔን ትቶ እሷን አየ። «አንቺ ምን አገባሽ?»

«ሥራችን አንድ ነው። እኔንም ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው» አለችው።

እሱ ያችኑ የለመዳትን መለሰልን፤ ሲፈቀድ እናያለን።

ከዚያ ወጥተን ምሳችንን በላን። እጄን ወደ ቦርሳዬ ስሰድ አስተናጋጇ «ተከፍሏል» አለችኝ። ልጅቷ እጇን ልትታጠብ ተነስታ በዚያው በስልኳ ከፍላ ኖሯል። አቀርቅራ «አይቆጡኝ እትዬ፣ ዛሬ እንኳ» አለችኝ።

መመረቅ ነበረብኝ፤ አንጀቴ ግን አረረ። በዚያ ጤና ጣቢያ ማንም ሳይፈቅድልኝ የያዝኩት መደብ ታላቅነቴ ብቻ ነበር። እሱንም አስረከብኩ።