የኦሻራት መኪናና የደባሽ ፊርማ

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ደባሽም የመኪና መሸጫ ባየ ቁጥር የሚበረየው በከንቱ አልነበረም። ኪርያት ማታሎን በሚሉት የፋብሪካ ሰፈር ካለው የፕላስቲክ ፋብሪካ ሃያ ሦስት ዓመት የሠራ፣ ቁጥብ፣ የሰው ገንዘብ የማይነካ የጎንደር ሰው ነው። ግን የአክስቱ ልጅ ቢልልኝ ከሞተ ሦስት ዓመት ቢያልፈውም አልለቀው አለ። ጠዋት ጠዋት ባቡር ሲጠብቅ ከፊቱ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ካየ ቢልልኝ ይመስለዋል። ሰውዬው ዞር ሲል ሌላ ነው። ማሽኑ ሥር ቆሞም የቢልልኝን ድምፅ ይሰማል፤ «ወንድም ጋሼ፣ ስምህን ብቻ ነው የምፈልገው» የሚለውን።

ስሙንማ ሰጥቶት ነበር። ከአሥር ዓመት በፊት ቢልልኝ የጽዳት ዕቃ የሚጭንበት መኪና በብድር ሲገዛ ደባሽ ዋስ ሆነው። ዘመድ ዋስ ሁነኝ ሲል እስቲ ወረቀቱን ላንብበው ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ አላመንኩህም እንደ ማለት ነው። ደባሽም ሳይጠይቅ ፈረመ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያለው ወዲያ ይቅር! ብድሩ እዚህ «ባሎን» የሚሉት ዓይነት ኖሯል፤ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያስከፍልና መጨረሻ ላይ ትልቁን ገንዘብ በአንድ ቀን አምጣ ይላል። ሦስት ዓመቱ ሲሞላ አርባ ሺህ ሸቀል ተጠየቀ። ቢልልኝ ከየት አባቱ ያምጣው? ዕዳ አስፈጻሚው ቢሮ ከደባሽ ደመወዝ አራት ወር ሙሉ ቆረጠ። ያን ጊዜ ደባሽ በዘመድ ሰርግ መሀል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለው። ቢልልኝ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሰርግም ለቅሶም ላይ አልታየም። ቆረጣውም ባምስተኛው ወር ቀረ፤ ደባሽ ለምን ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ፈራ።

እንግዲህ ዘንድሮ ነርሷ ልጁ ኦሻራት አንድ ዓርብ ቀትር ላይ ሁለት ወረቀት ይዛ መጣች። የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዛ ነው፤ ሆስፒታል ለፈረቃ ሥራ የምትመላለስበት አሮጌው መኪናዋ ቤንዚን ሲጠጣ አይጣል ነው። የቆጠበችው አለ፣ መቶ ሺህ ይጎድላታል። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በዕብራይስጥም በአማርኛም እያደባለቀች አስረዳችው። በሻጩ በኩል ከሆነ በወር ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ለሦስት ዓመት፣ ከዚያ ስልሳ ሺህ በአንድ ቀን። በባንክ ከሆነ በወር ሁለት ሺህ ገደማ ለአምስት ዓመት፣ ሲያልቅ ግን አለቀ። ከቤንዚኑ በወር ስድስት መቶ ስለሚተርፋት ባንኩን ትችለዋለች። የዚህ መኪና ዋጋ ደግሞ በየዓመቱ እየወረደ ነውና ከሦስት ዓመት በኋላ ተሽጦ ስልሳ ሺሁን ይሸፍን አይሸፍን የሚያውቅ የለም። ብቻ ባንኩ ዋስ ይላል። ሻጩ ዋስ አይልም።

ደባሽ ወረቀቶቹን ገፋ አደረጋቸው። ልጄን ከባሎን አድናለሁ ካለ መፈረም አለበት፤ አልፈርምም ካለ ቢልልኝን የበላው ጉድጓድ ውስጥ በገዛ እጁ ሊከታት ነው። ያም ሆኖ አፉ አልፈርምም አለ። ልጂቱ አልተቆጣችም። «በሰደር፣ አባ» ብላ፣ እሺ ማለቷ ነው፣ የሻጩን ብድር እሑድ እንደምትፈርም ነገረችው።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ደባሽ ተነሥቶ ለልጆቹ አሳይቶት የማያውቀውን ፌስታል ከቁም ሳጥኑ አወጣ። ከአስፈጻሚው ቢሮ የመጡ ደብዳቤዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ አልተከፈቱም። ዕብራይስጥ ማንበብ አይችልም፤ ላስነብብ እንዳይል የአባት ዕዳ ለልጅ አይታይም። ፖስታው ላይ ያለውን ማኅተም ሲያይ ክፈል የሚል መስሎት እየከተተ አኖረው። ባሎን ማለት ይኼ ነው፣ እዪ፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ አላት። ትፈራ ብሎ ነው።

ኦሻራት አንድ በአንድ ከፈተቻቸው። መጨረሻው ላይ ቆየች። ደግማ አነበበችው።

«አባ፣ ተከፍሏል» አለች። «ሁሉም። ቢልልኝ ነው የከፈለው። አንተ ነጻ ነህ ይላል።»

የቀሩት ደብዳቤዎችም የክፍያ ማስታወቂያ ነበሩ። አንድ ወር አምስት መቶ፣ አንድ ወር ሺህ ሁለት መቶ፤ ሰውዬው ደረጃ እየጠረገ ሦስት ዓመት ከምናምን ከፍሏል። የመጨረሻው የተጻፈው ከመሞቱ ሦስት ወር በፊት ነው።

ደባሽ ቀኑን ደግማ እንድታነብለት ለመናት። ያን ክረምት ቢልልኝ ሁለት ሽማግሌዎች ልኮበት ነበር። ደባሽ በር ላይ ተቀብሎ፣ የመጣችሁት ስለ ቢልልኝ ከሆነ ነገሩን አታንሡብኝ ብሎ መለሳቸው። ዕዳውን ማርልኝ ሊል ነው ብሎ ነበር የገመተው። ለቅሶውንም አልደረሰም። እንዲህ ያለ ልብ ድንጋይ ይሁን ምን ይሁን፣ እኔ አላውቅም።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና ባንክ ሄዱ። ደባሽ እያንዳንዷን መስመር አስነበበ፤ ጸሐፊዋ ተሰላችታ ሰዓቷን ታይ ነበር። ልጅህ ባትከፍል አንተ እንደምትከፍል ገብቶሃል ወይ አለችው። ገብቶኛል አለና ፈረመ። ከዚያ ልጁን ክፋር ጋኒም፣ ቢልልኝ ቤት፣ አድርሺኝ አላት።

የቢልልኝ ሚስት ማዕዛ በሩን ስትከፍት ከስታለች፣ ሸብታለች። ግቡ ጋሼ ደባሽ አለችው። በሩን ብትዘጋበት ይሻለው ነበር። ደጁ ላይ እንደ ቆመ፣ መክፈሉን አላወቅሁም ነበር አላት። ዕዳው አልቆ ሳለ ሰውዬው ለምን ሽማግሌ እንደላከበት ግን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቢያስበው ቢያስበው አልገባውምና፣ ያንኑ ጠየቃት።

«ጨርሻለሁ ልበለው፣ ስሙን መልሼለታለሁ ልበለው ብሎ ነበር እኮ» አለችው ማዕዛ። «አንቱ ቁጭ በሉ እንኳ አላሏቸውም።»