ዓሣው ሳይሸት

ደወሉ ሲደወል የአሜሪካ ቅኝ ተገዢዎች ሻዩን ባሕር ውስጥ ጥለው ነበር።

«እንግሊዝ በሻዩ ላይ ግብር ስትጥልባቸው፣ በምክር ቤቷ ስለ እነሱ የሚናገር አንድ እንደራሴ አልነበራቸውም» አለ መምህር ጥዑመልሳን፣ ጠመኔውን ከእጁ እያራገፈ። «ሻዩን ጣሉት፤ ከዚያ ጦርነት ሆነ።»

ከኋላ ወንበር ኛባንግ እጇን አነሳች። የልጆች እናት ናት፤ ጠዋት ገበያ ዓሣ ትሸጣለች፤ ከሰዓት ስምንተኛ ክፍል ትማራለች።

«ቲቸር፣ ሻይ ከመጣል በፊት አልተናገሩም?»

«ሰኞ እነግርሻለሁ።»

ጥዑመልሳን ከጎጃም ጋምቤላ የገባው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የኮሌጅ ደጅ አልረገጠም፤ ታሪክን የተማረው መጻሕፍት እየተዋሰ ነው። ወባ በጣለው ጊዜ የዓሣ መረቅ ይዘው የጠየቁት የገበያ ሴቶች ነበሩና፣ ስማቸውን ከጸሎቱ አይለይም። ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ግን ከደጋ የመጣ ሰው አንደበቱን ይጠብቃል፤ እሱም ይጠብቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በገበያ ሲያልፍ የዓሣ መደቡ ባዶ ነበር። ባለሱቁ ሁዘይፋ ከደጁ ተጣራ።

«መምህሬ! ተማሪህ አመፀች እኮ! የመደቡ ክፍያ በእጥፍ ጨምሯል ቢሏቸው ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ ዓሣቸውን ተሸክመው ወደ ባሮ ወንዝ ወረዱ። ምን አስተምረሃቸው ነው?»

ጥዑመልሳን ሻዩን አሰበ። ዓሣውን ወንዝ ሊጥሉት ነው! የገበያው ዘበኞች ቢተኩሱስ? «ማን አስተማራችሁ?» ሲባሉስ የማንን ስም ይጠራሉ? እየሮጠ ወረደ።

ሴቶቹ ወንዙ ዳር ካለው የገበያ ቢሮ በር ፊት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ዘበኞች ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። በቅርጫቶቹ ውስጥ ዓሣው ለፀሐይ ተጋልጧል፤ የሚሸፈንበት እርጥብ ሳር ከጎን ተከምሯል።

«ኛባንግ፣ እባክሽ እንዳትጥሉት!»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ቲቸር፣ ዓሣ ማን ይጥላል? ሻይ ራት አይሆንም። ዓሣ ራት ነው።»

«ታዲያ ሳሩን ለምን አነሳችሁት?»

«ሳር ካለ ዓሣ እስከ ማታ ይቆያል። የገበያ ኃላፊም ቢሮ ውስጥ እስከ ማታ ይቆያል። ሳር ከሌለ ዓሣ ቶሎ ይሸታል፤ ኃላፊም ቶሎ ይወጣል።»

«ባይወጣስ?»

ኛባንግ ሳቋን አቆመች። «ልጆቼ ሳይበሉ ያድራሉ።»

«ተነሱ!» ብሎ አንዱ ዘበኛ ጮኸ። የተነሳ የለም። ጥዑመልሳን መንገዱን አየ፤ አሁን ቢሄድ ማንም አይከለክለውም። ከኛባንግ አጠገብ ተቀመጠ።

«አሜሪካውያኑ ተናግረው ነበር» አላት ቀስ ብሎ። «ለዓመታት ጻፉ፣ ለመኑ። የሰማቸው የለም። ሻዩን የጣሉት ከዚያ በኋላ ነው።»

«እኛ ገና ዛሬ ጀመርን» አለች።

ፀሐዩ ከረረ፤ ዝንቡ በረከተ። በመጨረሻ ኃላፊው ኒካው አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ብቅ አለ።

«መምህር፣ አንተ ነህ ያመጣሃቸው?»

ጥዑመልሳን ከመሬት ሳይነሳ መለሰ። «አስተምሬያቸዋለሁ፤ አብሬያቸውም ተቀምጫለሁ። የሚናገሩት ግን እነሱ ናቸው።»

ኛባንግ ተነሳች። «ክፍያ ጨመርክ። ማንን ጠየቅህ?»

ኒካው ዘበኞቹን አየ፤ ዓሣውን አየ። «አቤቱ፣ የሚሰማ ልብ ስጠው» አለ ጥዑመልሳን በልቡ። ዘበኛው ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

ኒካው መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተና ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«እሺ፣ ተናገሪ።»

ኛባንግ መጀመሪያ ጎንበስ ብላ እርጥቡን ሳር ዓሣው ላይ መለሰችው።