የቦክሰኛው ዘመዶች

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ፋርማሲ ለጉልበቴ የገዛሁትን መታሻ ቅባት ገና ክዳኑን ስከፍተው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው የካምፎር ሽታ ከተቀመጥኩበት አንስቶ ልጅነቴን ወዳሳለፍኩበት፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ ወደነበረው የቀይ ጡብ አፓርትመንታችን ወሰደኝ፤ ጎረቤታችን ሚስ ኮራም በራቸውን ከፍተው ሲጠብቁኝ አየኋቸው።

እናቴ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ አባቴ ታክሲ ሲነዳ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው እኚህ ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነበር። ሪህ የቆለመመውን ጣታቸውን በዚያ ቅባት ሲያሹ ይውላሉ፤ የሚወዱት ግን ለሪሁ ብለው ብቻ ሳይሆን «የአባቴ ሽታ ነው» እያሉ ነበር። አባታቸው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ኤልመር ዋረን በሚል ስም የሚታወቁ ቦክሰኛ ነበሩ። ከሶፋው በላይ በተሰቀለው ፎቶ ቡጢያቸውን ደቅነው የሚታዩት ሰውዬ እግራቸው ቀጭን፣ ጆሯቸው የተጨማደደ፣ ዓይናቸው የደከመ ስለነበር፣ እኔ በልጅ አእምሮዬ ይህንን ሰው ነፋስም ይጥለዋል እል ነበር። በጭስ በታፈኑ አዳራሾች ውስጥ ለሚጮኹ ነጮች ሲደባደቡ ኖረው፣ በመጨረሻ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ አልታዘዝ ሲላቸው የሸሚዛቸውን ቁልፍ የምትቆልፍላቸው ትንሿ ኮራ ነበረች። ሲሞቱ፣ ዘመዶች ነን ያሉ ሰዎች ከገጠር መጥተው ከእናቷ ጋር ተጣሉና አስከሬኑን በጋሪ ጭነው ወሰዱት፤ የት እንደቀበሩት ለልጅቷ የነገራት የለም። ሚስ ኮራ ካረጁ በኋላ የቀራቸው አንድ ምኞት ከአባታቸው አጠገብ መቀበር ነበር።

ይህን የሰማ አባቴ እንቅልፍ አጣ። እኔን ገና አፌን ስፈታ ጀምሮ እስከ ሰባት ቤት አያቶቼን ያስቆጠረኝ ሰው፣ ጎረቤቱ ከአባታቸው ወዲያ አንድ ስም እንኳ እንደማያውቁ ሲረዳ ነገሩን እንደ በሽታ ቆጥሮ መድኃኒቱን ሊፈልግ ተነሳ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እናቴ ሺፍት አለብኝ እያለች ስታጉረመርም፣ ሚስ ኮራን ከፊት እኔን ከኋላ አስቀምጦ የቨርጂኒያን የገጠር መቃብሮች ያዳርስ ጀመር። ሚስ ኮራ የክት ኮፍያቸውን ደፍተው፣ የኮክ ፓይ ጋግረው ይመጣሉ፤ ጾም ሲሆን አባቴ የቅቤውን ሽታ እየሳበ ምራቁን ይውጣል።

የአፈላለጉ ዘዴ ግን የራሱ ነበር። ኤልመር ዋረን ማለት ለእሱ ኤልመር የዋረን ልጅ ማለት ስለሆነ፣ ዋረን ብሎ የሚጀምር የመቃብር ድንጋይ ነበር የሚፈልገው። እዚህ አገር የኋለኛው ስም የቤተሰብ ስም ነው ብትለው እናቴ፣ ድሮማ እነሱም እንደ እኛ ነበሩ ብሎ ይከራከራታል። አንድ የጸደይ እሁድ፣ ከአንዲት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ዋረን ቴት የሚል ድንጋይ፣ ከጎኑም ምንም ያልተጻፈበት ሌላ ድንጋይ አገኘና ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛው፣ «ሚስ ኮራ፣ አያትዎ ዋረን፣ ቅድመ አያትዎ ቴት። ይኼ ስም የሌለው ደግሞ አባትዎ ናቸው» አላቸው። እሳቸው ድንጋዩን አየት አደረጉ፣ አባቴን አየት አደረጉ፤ ከዚያ ተንበርክከው ስም በሌለው ድንጋይ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። አባቴ የዚያን ቀን ያህል ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር አበባ ይዘን እንሄድ ነበር። እኔ ኮሌጅ ስገባ ሚስ ኮራ ሆስፒታል ተኙ። ልጠይቃቸው ሄጄ፣ አባቴ ከአባታቸው አጠገብ የሚያርፉበትን ቦታ ከእንጨቷ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ጋር ተነጋግሮ መጨረሱን ነገርኳቸው። ያኔ ነው ዋረን የሚለውን ስም የአባታቸው የቦክስ ማናጀር ያወጣላቸው መሆኑን፣ እውነተኛ ስማቸውን እሳቸውም ሰምተውት እንደማያውቁ፣ ይህንንም እዚያ ድንጋይ ፊት ቆመው እያወቁ ዝም እንዳሉ የነገሩኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አባትሽ ደስ ብሎት ነበር» አሉኝ። «ደግሞ እዚያ ከተኛሁ እሱ ይጠይቀኛል። ሌላ ማን አለኝ?»

እዚያው፣ ከማያውቋቸው ሰዎች አጠገብ ተቀበሩ። አባቴ እውነቱን ሳይሰማ ለዓመታት ተመላለሰ፤ ዛሬ ስካይላይን በሚባለው ሰፈር፣ ከአፓርትመንቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ የእኔም ስም ይጠፋዋል። ባለፈው ጸደይ ብቻዬን ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ ተሸጣ ፈርሳለች፤ ቦታው ታጥሯል። ጥበቃው ከዘመድ በቀር ማንም እንዳይገባ መታዘዙን በትህትና ነግሮኝ፣ የሟች ዘመድ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። አይደለሁም አልኩት። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሚስ ኮራን የሚጠይቃቸው ሰው የለም፤ ቦክሰኛው አባታቸው የት እንደተኙ፣ የቦክሰኛውም እናት ልጇን ምን ብላ ትጠራ እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው በምድር ላይ አልቀረም።