ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አቶ ጀማል መጀመሪያ የሰጡኝ ቁልፍ ነበር፤ ጋዋኑ የመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። አቶ ጀማል ኮልፌ ውስጥ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቁልፉ ግድግዳው ላይ የተገጠመውን የብረት ሳጥን ይከፍታል። ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከእነሱ ውስጥ በብዛት የሚወጣው የሚጥል በሽታ ኪኒን፣ ፌኖባርቢታል፣ ነበር።

እኔ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ድራጊስት፣ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ነበርኩ። ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

«ፌኖባርቢታል በቀን አንዴ፣ ያውም ማታ የሚሰጠው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«እንቅልፍ ስለሚያመጣ ነው።»

«ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽስ?»

አንዷን ኪኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ይቺ ከገባች ቶሎ አትወጣም። ዛሬ ከተዋጠችው ከአራት ቀን በኋላ ግማሿ ገና ደም ውስጥ አለ። ከስምንት ቀን በኋላም ሩቧ አለ። ለዚህ ነው በቀን አንዴ የሚበቃው። ሲጀመርም ተጠራቅማ እስክትሞላ ሁለት ሦስት ሳምንት ትፈልጋለች።» ለፈተና እንደሚጻፍ ጻፍኩትና ደብተሬን ዘጋሁ።

ኮልፌ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ከሰው ቀድሞ የሚደርሰው ክብሪት ነው። አንድ ቀን ወረፋ ላይ የቆመ ሰውዬ ወደቀና መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዘበኛችን ጋሽ ታደሰ እየሮጡ መጥተው ክብሪት ጫሩና ጭሱን አፍንጫው ሥር ያዙት። ከመስኮቱ ጀርባ ወጥቼ ክብሪቱን ከእጃቸው መትቼ ጣልኩት። ሰውየውን በጎኑ አስተኛሁት፣ ጋዋኔንም አጣጥፌ ከራሱ ሥር አደረግኩለት፤ አፉ ውስጥ ምንም እንዳይከቱበት ጮህኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቆመለት።

«አየሽ፣ ክብሪቱ ነው ያነቃው» አሉኝ ጋሽ ታደሰ።

«ጋሼ፣ ክብሪት የሚያድን ቢሆን እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ? ሱቅ እከፍት ነበር!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አላመኑኝም። እውነት ለመናገር እፈርድባቸዋለሁ ማለት አልችልም። አብዛኛው መንቀጥቀጥ በራሱ ጊዜ ስለሚቆም፣ ያን ጊዜ አጠገቡ የተገኘ ነገር ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል።

ካርባማዜፒን የተባለው ሌላው ኪኒን ደግሞ ጠባዩ የተለየ ነው፤ ቶሎ ይወጣል። አንዲት የጨርቅ ነጋዴ በቀን ሦስቴ ታዞላት፣ ረመዳን ሲገባ የቀኑን ትዘለው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሱቋ ውስጥ ወደቀች። ወረቀቷን ይዤ ጤና መኮንኑ ዘንድ ገባሁና መጠኑ ሳይቀንስ ለሱሁርና ለኢፍጣር፣ ጎህ ሳይቀድና ፀሐይ ስትገባ፣ ይከፈልላት አልኩ።

«ሐኪም ነሽ እንዴ?» አለኝ።

«ድራጊስት ነኝ። ኪኒኑ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ግን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ።»

ተናደደብኝ። ግን አስተካክሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በጤና ጣቢያው ስሜ «ክርክር» ሆነ። እኔም አልጠላሁትም።

አሁን ወደ ሰላም ልምጣ። ሰላም የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። ጦር ኃይሎች አካባቢ ሳምቡሳ እየጠበሰች ትሸጣለች። እኔና እሷ፣ እናቷ እትዬ አስቴርም፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አማኞች ነን። ሰላም ስድስት ዓመት ፌኖባርቢታል ከእኔ መስኮት ወስዳለች፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት አንዴም አልወደቀችም። በየወሩ ሐሙስ ስትመጣ ኪኒኗን እሰጥና «አታቋርጪ» እላታለሁ። «እሺ» ብላ ትሄዳለች።

አንድ ሐሙስ ቀረች። ዓርብ ከሥራ ስወጣ መጥበሻዋ ዘንድ ሄድኩ። ዘይቱ ይፈላል፤ እሷም ፊቷ በርቷል።

«እትዬ ዘነበች፣ ጌታ ፈወሰኝ! እሑድ በጾም ጸሎቱ ላይ ኪኒኑን መድረኩ ላይ ጥዬው መጣሁ። ይኸው አምስት ቀኔ፤ ምንም የለም። ለፊታችን እሑድ ልመሰክር ነው።»

«ሰላምዬ፣ ምንም የሌለው መድኃኒቱ ገና ደምሽ ውስጥ ስላለ ነው። ሲያልቅ ነው የሚመጣው። ያውም ለዓመታት ተይዞ የኖረ አንጎል ድንገት ሲለቀቅ ከበፊቱ ብሶ ነው የሚነሳው። ማቆም ከፈለግሽ ሐኪም አለ፤ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይቀንስልሻል።»

እትዬ አስቴር ሊጡን እየዳመጡ ሰሙኝ። «ዘነበች፣ እምነትሽን ፋርማሲው በር ላይ ነው እንዴ ጥለሽው የምትገቢው?»

«እትዬ፣ እርስዎ ልጅዎን ይወዷታል፤ እኔም እወዳታለሁ። ቢያንስ ከዘይቱ ያርቋት።»

ወደ ሊጣቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ፓስተሩ ቢሮ ገባሁ። ሰላም ከመመስከሯ በፊት አንድ ወር ይጠበቅ፣ ኪኒኗንም እየዋጠች ይጸለይላት ብዬ ለመንኩ።

«እህት ዘነበች፣ የሕዝቡን እምነት አናቀዝቅዝ» አለኝ።

«ፓስተር፣ እምነት አንድ ወር መጠበቅ አያቅተውም። የእሷ ደም ግን ቀን ይቆጥራል።»

«እንጸልይበታለን» አለኝ። እኛ ቤተ ክርስቲያን ይህ ቃል ብዙ ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው።

እሑድ አዳራሹ ሞልቷል። ሰላም ነጭ ለብሳ ማይክሮፎን ያዘች። ስድስት ዓመት መድኃኒት መዋጧን ተናገረች፤ «ዛሬ ግን ሰባት ቀኔ ነው፣ አልዋጥኩም፣ አልወደቅኩም!» አለች። እልልታው ጣሪያውን ነቀነቀው። ከዚያ ፓስተሩ «እናንተም በእምነት ጣሉት!» አለ። አራተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ከተቀመጡት ውስጥ ሁለቱ ከእኔ መስኮት ያንኑ ኪኒን የሚወስዱ ናቸው። አንደኛው እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት አየሁት።

ተነሳሁ። ያለ ማይክሮፎን ጮህኩ። «ወገኖቼ፣ ይህ መድኃኒት በሰባት ቀን አይወጣም! ሩብ ያህሉ ገና በደሟ ውስጥ አለ! ማንም ኪኒኑን እንዳይጥል! ሰላም፣ ከዘይቱ ራቂ!»

ኪቦርዱ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ መሩኝ። አፌ ግን አልተዘጋም። እስከ በሩ ድረስ ያንኑ እየደጋገምኩ ወጣሁ። በሩ ላይ የቆመች ሴት «ምነው እህቴ፣ ጠላት ገባብሽ?» አለችኝ። የኪኒኑን ስም ነገርኳት።

ሰኞ አቶ ጀማል ጠሩኝ። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር፤ ጆሯቸው ግን የኮልፌን ወሬ አይስትም። «የታካሚ ምስጢር አውጥተሻል» አሉኝ።

«በሽታዋን የተናገረችው ራሷ ናት። እኔ የጨመርኩት የመድኃኒቱን ጠባይ ነው።»

«እንጀራዋንም ጨምረሻል። ስለ ዘይቱ ተናገሪ ማን አለሽ? የመድኃኒቱንም ቢሆን መጀመሪያ እሷ ልትፈቅድልሽ ይገባ ነበር።» የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ። ትክክል ነበሩ፤ ፈረምኩ። ነገም ቢደገም ግን እነሳለሁ አልኳቸው። ወረቀቱን አጥፈው ፋይል ውስጥ ከተቱት።

ሐሙስ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ባጃጅ እየጮኸ ግቢያችን ገባ። ሰላም ነበረች። መጥበሻው ጋ አልነበረችም፤ ቤት ልብስ እያጣጠፈች ነው የወደቀችው። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳይለቃት ሌላው ይመጣል፤ በመካከል አትነቃም። ሳጥኔን ከፍቼ መንቀጥቀጥ የሚያቆመውን መርፌ፣ ዳያዜፓም፣ ይዤ ሮጥኩ። ነርሷ ወጋቻት፤ አልቆመም። በሁለተኛው ላላ ሲልላት በአምቡላንስ ሆስፒታል ወሰዷት። እትዬ አስቴር ኮሪደሩ ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ቆመው ነበር። ያን ጊዜ ያሸነፍኩ አልመሰለኝም። ፈራሁ፤ አለቀስኩም።

ሰላም ተረፈች። ሳምንት ሙሉ ተኝታ ወጣች። እትዬ አስቴር የሐኪሙን ወረቀት ይዘው መስኮቴ ላይ መጡ፤ ፊቴን ሳያዩ «ስጪኝ» አሉ። ሰጠኋቸው። ስለ እሑዱ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ግን ጠሩኝ። አምልኮ በማወክ ከአገልግሎት ታግጃለሁ፤ ይቅርታ ከጠየቅኩ ይነሳልኛል። «ኪሱ ውስጥ እጁን የከተተው ወንድም ኪኒኑን አልጣለም። ሰላምም ከዘይቱ ርቃ ነው የወደቀችው። ለየትኛው ነው ይቅርታ የምጠይቀው?» አልኳቸው። እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። እሑድ እሑድ እዚያው አራተኛው ረድፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ የሚያስነሳኝ ካለ ይምጣ።

ሰላም መድኃኒቷን ልትወስድ ራሷ በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን ግን ለእሷ አንገቴን ደፋሁ። «ያን ዕለት በሰው ፊት ስላሳፈርኩሽ ይቅርታ» አልኳት።

ኪኒኗን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «እሱስ ግድ የለም» አለችኝ። «በየትኛው ቀን መድኃኒቱ ደሜ ውስጥ እንዳለ፣ በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ ኪኒኑን ሳልጥል በፊት ነግረውኝ ቢሆን መድረክ ላይ አልወጣም ነበር። እርስዎ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ያሉኝ ‹አታቋርጪ› ብቻ ነው።»

ለፓስተሩ፣ ለጤና መኮንኑ፣ ለአቶ ጀማልም መልስ ነበረኝ፤ ለእሷ ግን «እውነትሽን ነው» አልኳት።

ወደዚህ ሥራ የምትመጡ ልጆች፣ «አታቋርጡ» ብቻ ብላችሁ የመድኃኒት ወረቀቱን አትመልሱ። መድኃኒቱ ስንት ቀን ደም ውስጥ እንደሚቆይ፣ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ለታካሚው በመጀመሪያው ቀን ንገሩት። አምስት ደቂቃ ይፈጃል። እኔ ለሰላም ስድስት ዓመት ሙሉ አምስት ደቂቃ አልሰጠኋትም።