የኦቦ ጉዩ እንቅልፍ

ጋዲሴ ጉዩ አምቦ ውስጥ ባዮሎጂ ስታስተምር እኔ አጠገቧ ባለው ክፍል ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ተማሪ ቢያጠፋ እንኳ ሁለቱን ወገን ሳትሰማ የማትፈርድ ሴት ናት። በአባቷ ላይ ግን ፈርዳለች።

አባቷ ኦቦ ጉዩ ባኮ በሚገኘው የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሠላሳ ዓመት የሙከራ በቆሎ ሲለኩና ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። የትኛው ዘር የት እንደተዘራ መዝገብ ሳያዩ ይናገሩ ነበር ይባላል። ጡረታ ወጥተው ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ በየወሩ በአውቶቡስ አምቦ እየመጡ ልጃቸው ዘንድ ሁለት ሦስት ቀን ይሰነብታሉ። እኔም አውቃቸዋለሁ፤ ጨዋታቸው አይጠገብም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ገደማ ጠባያቸው ተለወጠ። ቀን ቀን ያንቀላፋሉ። ምሳ ቀርቦ፣ እጃቸው ሳህኑ ላይ እንዳለ ዐይናቸው ይከደናል። ዝምተኛ ሆኑ፤ በትንሽ ነገር ይቆጣሉ። መርሳት ግን አልነበረባቸውም፤ የሰው ስም፣ ቀጠሮ፣ የድሮ ነገር ሁሉ ልቅም አድርገው ያስታውሳሉ።

የጋዲሴ ልጅ ለንሳ ክርስትና የተነሳች ዕለት ቤቱ በእንግዳ ሞላ። ሽማግሌዎቹ፣ «ኦቦ ጉዩ ይመርቁ» ሲሉ እሳቸው ወንበር ላይ ተኝተዋል። አንዱ ትከሻቸውን ቢነካቸው ባንነው ጮኹበት። ከእንግዶቹ መሀል አንድ ሰው፣ «መንገድ ላይ ቀምሰው ነው መሰል» ብሎ ሳቀ። ጋዲሴ በኀፍረት ተቃጠለች።

«አባ፣ በልጄ ቀን ጠጥተህ መጣህ?»

«እናትሽ ከሞተች ወዲህ አልቀመስኩም» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«እኔ እንጃ። ይደክመኛል።»

«እንዲህ ሆነህስ ቤቴ አትምጣ!»

ኦቦ ጉዩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ እኔም በር ላይ ቆሜ አይቻቸዋለሁ፤ አልተከተልኳቸውም። ከዚያ ወዲህ አምቦን አልረገጡም። ጋዲሴ በበዓል ቀን ትደውላለች። ባኮ አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ሮብሳን «ሌሊት እንቅልፍ የለውም፤ ቀን ያንቀላፋል» ሲላት «መጠጡን ይተው» ትለዋለች።

በ2010 ማስተርሷን ጀመረች። ለሴሚናር በዕጣ የደረሳት ርዕስ በአንጎል ግንድ ነርቭ ሴሎች ውስጥ ስላሉት፣ ካልሲየምን ስለሚይዙ ፕሮቲኖችና አልዛይመር ከሚባለው የመርሳት በሽታ ጋር ስላላቸው ግንኙነት ነበር። አንድ ከሰዓት መምህራን ማረፊያ ተቀምጠን ታስረዳኝ ጀመር።

«ሴሉ መልእክት ባስተላለፈ ቁጥር ካልሲየም ወደ ውስጡ ይገባል። ያስፈልገዋል፤ ሲበዛበት ግን ይጎዳዋል። እነ ካልቢንዲን የሚባሉት ፕሮቲኖች ትርፉን ይዘው ያረጋጉታል። በአንጎል ታችኛው ክፍል፣ ግንዱ ላይ፣ እንቅልፍንና ንቃትን የሚያዙ ሴሎች አሉ፤ ሥራቸው ዕረፍት የለውም። አንዳንዶቹ ደግሞ ይህ ፕሮቲን እምብዛም የላቸውም። በሽታው መጀመሪያ ምልክቱን ከሚያሳይባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነው ይላሉ።»

«ከመርሳቱ በፊት?»

«ብዙ ዓመት ቀድሞ። ሰውየው ሁሉን እያስታወሰ እንቅልፉ ይዛባል፣ ይከፋዋል፣ ይቆጣል…»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ከበበው፣ አባቴ አልጠጣም ነበር።»

ላጽናናት ብዬ፣ ነገሩ ገና በጥናት ላይ ያለ ነው፣ ያንቀላፋ ሽማግሌ ሁሉ አልዛይመር አለበት ማለት አይደለም አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የአባቴን አንጎል ያየ የለም። እኔ ግን ይደክመኛል ሲለኝ እንኳ አልሰማሁትም።»

በዚያው ሳምንት ሮብሳን ደወለ። አባታቸው ገበያ ብለው ወጥተው ጠፍተዋል፤ የተገኙት የሰው በቆሎ ማሳ ውስጥ ረድፍ ሲቆጥሩ ነው። ጋዲሴ ቅዳሜ ጠዋት ባኮ ወረደች።

ኦቦ ጉዩ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ወድቃ፣ «ይቅር በለኝ» አለች። ደንግጠው አነሷት።

«ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? ምን አጠፋሽ?»

ስሟን ልትነግራቸው ፈለገች፤ አፏ እምቢ አላት። «አባቴን ሰው ፊት አዋረድኩት» አለች። «ሳይጠጣ፣ ጠጥተሃል አልኩት።»

«ሰው ፊት?»

«አዎ።»

«እሱስ ከባድ ነው» አሉ። «ቢሆንም አባት አይጨክንም። እዚህ ምን ታደርጊያለሽ? ሄደሽ ለሱ ንገሪው።»

አምቦ አመጣቻቸው። አዲስ አበባ ያያቸው ሐኪም አልዛይመር ሳይሆን አይቀርም፤ ቀድማችሁ ብትመጡም የሚያድን መድኃኒት የለም አላት። ይህ አላጽናናትም። መድኃኒት ባይኖርም እነዚያን ሁለት ዓመታት፣ ስሟን እየጠሩ የሚያጫውቷትን ዓመታት፣ ራሷ ናት የጣለቻቸው።

ሴሚናሩን አቅርባ ጥሩ ውጤት አገኘች። አባቷን ሦስት ዓመት አጠበች፣ አጎረሰች፣ እጃቸውን ይዛ ግቢው ውስጥ አዞረች። በ2013 ጥቅምት ላይ ሞቱ።

ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ፣ «አስታመሽዋል፣ ምርቃቱን አግኝተሻል» አላት። እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። ሰው ሁሉ ሲሄድ ለእኔ፣ «መረቀኝ እኮ» አለችኝ። «ግን ማንን እንደመረቀ አላወቀም።»