ጉና ሥር፣ ወናው ፊት የቆምንበት ንጋት

ሚስቴ «አንተ የቆመ ቤት አይታይህም፤ የወደቀ ብቻ ነው የምትወድ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ደብረ ታቦር ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ ሣር የበቀለበት ግድግዳ ካየሁ መኪናዬን ሳላቆም አላልፍም።

በዚያ ኅዳር ቅዳሜና እሁድን ጉናን ዞረን ልንመለስ ሦስት ሆነን ወጣን፤ እኔ፣ እሷና አጎቷ። አጎቷ ሸምግለዋል፤ ተወልደው ያደጉት እዚያው ጉና ግርጌ ስለሆነ መንገድ ያሳዩናል ብለን ነበር። እሳቸው እቴ! የኔን አነዳድ ሲራገሙ ዋሉ። አርፍደን ስለወጣን ጋፋት ብንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ ብርሃኑ ሙልጭ ብሏል፤ አንድ የረባ ፎቶ አልወጣኝም። በንዴት ጨስኩ።

ለአዳር ክምር ድንጋይ ከተማ ገብተን እራት ስንበላ ታዲያ አጎቷ እንዲያው በጨዋታ መሃል ስለ አንድ ወና አነሱ። የድሮ ባላባት የድንጋይ ቤት ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ክረምት በበሽታ አልቆ ጣራው በላዩ ፈርሷል።

«ድንጋዩን ለአጥር እንኳ የሚወስድ የለም» አሉ።

«ለምን?»

«ወና ነዋ!»

ሰው የለቀቀውን ቤት ሌላ ነገር ይገባበታል ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያን ስሰማ እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጎህ ሲቀድ እዚያ መድረስ አለብኝ አልኩ።

በጨለማ ተነስተን መኪናውን ከመንገዱ ዳር ትተን በእግር ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ጉሙ መሃል ሰው የሚያህሉት የጅብራ ተክሎች ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ሁለቴ ሰው መስሎኝ «እንደምን አደርክ» ልል አፌን ከፍቻለሁ። ወናው ከገብስ ማሳው ጫፍ ላይ ታየን። ጉሙ በመስኮቱ ቀዳዳ እየገባ በበሩ ይወጣል። ወፍ እንኳ አይጮህም። ደስታም ፍርሃትም ያዘኝ።

ከወናው ፊት ለፊት አንዲት ጎጆ አለች። ጥሩው ማዕዘን ከሷ አጥር ሥር ስለነበር ካሜራዬን እዚያ ተከልኩና «ትንፍሽ እንዳትሉ፣ ውሻ ትቀሰቅሱብኛላችሁ» አልኳቸው። እነሱም እሺ ብለው ቆሙ። አጎቷ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተጠቅልለው ዘንጋቸውን ተደግፈዋል። ሚስቴን ነፋሱ ሲገርፋት ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አምጥታ አዘቅዝቃዋለች። እኔ ጥቁር ኮቴን ለብሼ፣ ካሜራው ላይ አቀርቅሬ። ሦስታችንም ዝም።

የጎጆዋ በር ሲጥ አለ። አንዲት ሴትዮ አመድ ልትደፋ ወጣች። አየችንና ቆመች። የሚስቴ አጎት ጨዋ አይደሉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁና ጎንበስ አሉላት።

አመዱ ከእጇ ወደቀ። አልጮኸችም። በጣም ቀስ ባለ ድምፅ «ልጄን የት ጥላችሁት መጣችሁ?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። እዚህ አገር መርዶ የሚነገረው በንጋት ነው፤ ሽማግሌ ይመጣል፣ ነጠላ ይዘቀዘቃል፣ ደጅ ላይ በዝምታ ይቆማል። በኋላ እንደሰማነው ይህቺ ሴት አንድ ልጇ መተማ ቆላ ወርዶ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነው፤ ከመስከረም ወዲህ ድምፁን አልሰማችም። እኛ ደግሞ ጎህ ሲቀድ ደጇ ላይ ተገትረናል።

«ኧረ በሚካኤል! እኛ መርዶ ነጋሪ አይደለንም!» አሉ የሚስቴ አጎት።

«መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚባለው» አለችና «ወየው ልጄን!» ብላ አቀለጠችው።

ጩኸቱ ወናው ላይ ተጋጭቶ ተመለሰ፤ ሌላ ሴት ከውስጥ የምታለቅስ ነበር የሚመስለው። ከጉሙ ውስጥ ሰው በየአቅጣጫው እየሮጠ ወጣ። አንዲት ጎረቤቷ ቀድማ ደርሳ ከኋላዋ አቀፈቻት፤ ፊቷን እንዳትነጭ እጇን ትይዛለች፣ አብራትም ታለቅሳለች። የሷም ልጅ አብሮ ነው የወረደው።

እኔ ጅሉ ካሜራዬን ከፍ አድርጌ «እኛ ለፎቶ ነው የመጣነው! ለፎቶ!» እላለሁ። ከኋላ የቆመው ሰው ለመጣው ሁሉ «የሟቹን ፎቶ ይዘው ነው የመጡት» እያለ ያደርስልኛል። ወይ ጉድ! በተናገርኩ ቁጥር ልቅሶው ባሰ። ሰውዬው ሊገላግለኝ ደረሰልኝ ብዬ ሳስብ «ነፍስ ይማር» አለኝ።

ሚስቴ ናት ልቧ ያልጠፋው። «ልጁ ስልክ የለውም እንዴ?» ብላ ጮኸች።

አለው። ቁጥሩን በቃሉ የሚያውቅ ጎረምሳም ተገኘ። ነገር ግን እዚያ ሰፈር ኔትወርክ የሚይዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ወናው ውስጥ፣ ከፍ ያለው ወለል ላይ፤ ጎረምሶች ተደብቀው ገብተው ነው ያወቁት። ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆመ። እናትየው ግን ማንንም ሳታይ ደፉን ተሻግራ ገባች። ጎረቤቷም አልለቀቀቻትም፤ ተከትላት ገባች። እኔም ምን አማራጭ አለኝ፣ አማተብኩና ገባሁ።

ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ላውድ ላይ አደረግኩት። ጠራ፣ ጠራ። በመጨረሻ «ሃሎ» የሚል ጎርናና ድምፅ ከድንጋዮቹ መሃል ተሰማ።

«ልጄ?»

«እማዬ? ምን ሆናችሁ?»

እናትየው ወደ ኋላ አፈገፈገች። «እሱ አይደለም! ወናው ነው፤ ድምፁን ወስዶ ነው!» አለች ዓይኗን ግድግዳው ላይ እያንከራተተች። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአፍታ እኔም አመንኳት።

የሚስቴ አጎት ከደጅ ሆነው «የክርስትና ስሙን ጠይቂው! እርኩስ መንፈስ ያንን ስም ሊጠራው አይችልም!» አሉ።

ጠየቀችው። ልጁ «በዚህ ጠዋት ምን ነካሽ?» ብሎ አጉረመረመና ነገራት። እናቱ ፍርስራሹ ላይ ቁጭ አለች። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ስልኬን ትስማለች። ደጁ በእልልታ ተናጋ። እኔም ዕንባዬ መጣ፤ ምን ይደረግ፣ ሰው አይደለሁ?

ጎረቤቷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራርጋ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ደስ ይበልሽ እህቴ» አለቻት። ከዚያ እየሳቀች «የኔስ ልጅ? ያ እንቅልፋም ተኝቶ ይሆናል፤ እስቲ ቀስቅሰህ አገናኘኝ» አለች።

ከወዲያ ዝም። ኔትወርኩ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ አልጠፋም። የልጁ ትንፋሽ ይሰማል።

«ስልኩን የያዙት ሰው» አለ ልጁ ቀስ ብሎ፤ «ላውድ ላይ ነው እንዴ? እባክዎ ያጥፉት።»

ጣቴ በብርድ ደንዝዞ ቁልፉን ቶሎ አላገኘሁትም። ጎረቤቷ ግን ለመስማት የቀራት ነገር አልነበረም፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ገና ሳይጠፋ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች።