ለቅሬው ዓይን ሆና የሄደችው እህቴ

የዚያን ቀን ከዋርካው ሥር እነማን እንደነበሩ አልረሳም። አባቴ ይመርና እናቴ ሀዋ ነበሩ። ታላቅ እህቴ ዘምዘም ከባሏ ከሰይድ ጋር መጥታለች። የቅሬያችን ዳኛ አባ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከታች ሰፈር መሪጌታ ፈንታ ነበሩ። እሳቸው ክርስቲያን ቢሆኑም ቅሬያችን አንድ ነው። ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ እኛ ዘንድ መቃብሩ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ቆፋሪው አይለያይም። ከዚያ ጎረቤቶቻችን፣ ልጅ ያዘሉትም ሽማግሌዎቹም። ከወረዳ የመጣው ካድሬ ብቻ ቆሞ ነበር። እኔ ከእናቴ አጠገብ ነጠላዋን ይዤ ተቀምጫለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነኝ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የልጄ የከማል ነገር ነው። ዲቪ ደርሶታል። ባለፈው እሑድ፣ አሁን በምንኖርበት በሐይቅ ከተማ፣ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጠብሼ ምሳ ሳቀርብ እሱና እህቱ ሰዓዳ አንድ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይከራከራሉ። የአሜሪካን ክፍለ ግዛቶች ለኑሮ በመመቸት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የሚደረድር ዝርዝር አግኝተዋል።

«በቃ፣ እኔ አንደኛ ወደወጣው ነው የምሄደው» አለ ከማል።

«ማን ነው አንደኛ ያወጣው? በዚህኛው ዝርዝር እኮ መሐል ላይ ወርዷል» አለች ሰዓዳ።

«ያኛው ትምህርት ቤቱንና ሀኪም ቤቱን ነው የሚያየው። ይሄኛው ደሞዙንና የቤት ኪራዩን።»

«እሱስ ይሁን። ግን ሀኪም ቤት ይህን ያህል ይመዝናል፣ ኪራይ ይህን ያህል ይመዝናል ያለው ማን ነው? አንተ ወጣት ነህ፣ ለአንተ ኪራይ ይበልጣል። እማ ብትሄድ ግን ሀኪም ቤቱ ነው።»

«እማ የት ትሄዳለች? ደሴ ለመሄድ እንኳ ከመናኸሪያ ተመልሳ በሩን መቆለፏን ታያለች።»

ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሰዓዳ ብቸኝነት በምን እንደሚለካ ጠየቀችው። ሰዉን ደስተኛ ነህ ወይ ብለው ይጠይቁታል አላት።

«ኧረ ተው! በዚህ ከሆነማ እኛ ነን አንደኛ የምንወጣው። የወሎን ሰው እንዴት ነህ ብትለው ቤቱ እየተቃጠለም አልሐምዱሊላህ ነው የሚልህ።»

ከማል ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አገር በደረጃ ሲደረደር የሰማሁት ያን ዕለት የመጀመሪያዬ አልነበረም።

የኛ መንደር አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ ወረድ ብሎ ነው። ልጅ ሳለሁ ለውጥ መጣ ተባለ፤ መሬትም ለአራሹ ሆነ። አባቴ የጭሰኝነቱ ዘመን ማለፉን ያመነው ቀስ ብሎ ነው፤ የመጀመሪያውን ምርት ጎተራ ከቶም ባለመሬቱ የሚመጣ ይመስለው ነበር። ያ ደስታ ብዙ አልቆየም። ጦርነቱ ከሰሜን እየቀረበ መጣ፣ ጎረምሳው ለዘመቻ ይታፈስ ጀመር። በላዩ ላይ ሰማዩ ተዘጋ። በልጉ ከሸፈ። መኸሩን ስንጠብቅ እሱም ከሸፈ። የማሽላው አገዳ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ደርቆ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። የቁልቋል ፍሬ ለቅመን በላን። እሱ ሲያልቅ ውጫሌ ወርደን የእርዳታ ስንዴ እንጠብቅ ነበር። እናቴ ስንዴውን ቆልታ ስትሰጠን «ቀስ ብላችሁ አላምጡ፣ ሆድ የሚታለለው በጥርስ ነው» ትለን ነበር። ዛሬም ቆሎ ሳላምጥ እቸኩል እንደሆነ ድምጿ ይሰማኛል።

ካድሬው የመጣው ያኔ ነው። ወጣት ነው፣ ትሑትም ነበር፤ ክፉ ሰው ነው ብዬ ልናገር አልችልም። መንግሥት ሕዝቡን ወደ ለም አገር ሊያሰፍር መሆኑን ነገረን። ምዕራቡን አገር በየስሙ እየጠራ ደረጃ አወጣለት። በዝናብ አንደኛ ወለጋ፣ ሁለተኛ ኢሉባቦር። በአፈርም እንደዚሁ። ለአንድ አባወራ የሚደርሰውን መሬት፣ የሚታረስበትን ትራክተር፣ የሚሠራውን ትምህርት ቤት ሁሉ ነገረን። የኛ አገር በሁሉም መጨረሻ ነበር።

«ጓድ» አሉ መሪጌታ ፈንታ፣ «ዝናቡን ሰማን። ሰው ሲሞትስ ማን ይቀብራል?»

«አባቴ፣ የምትሄዱት ልትኖሩ ነው፣ ልትሞቱ አይደለም።»

«እንግዲያው አገሩ ከገነትም ይበልጣል። ገነት ለመግባት እንኳ መጀመሪያ መሞት አለ።»

ሰዉ ሳቀ። ካድሬውም ፈገግ አለ። እናቴ ቀስ ብላ «ወባ አለ ይባላል፣ እሱስ ከደረጃው ውስጥ ገብቷል?» አለች። መድኃኒት መኖሩን ነገራት። እናቴ የጠየቀችው መድኃኒት መኖሩን አልነበረም፤ ግን ደግማ አልጠየቀችም።

ከዚያ ዘምዘም ተነሳች። ዘምዘም ማጣጣል የምታውቅበት ሴት ነበረች። ገበያ ስትወጣ ማር ሻጭ ሁሉ ፊቱን ያዞርባት ነበር፤ እጣቷን ነክራ ትቀምስና ስኳር እንዳለበት ትነግረዋለች። እኔ ለብሼ ስወጣ ቀድማ የምታየው የተተረተረውን ጠርዝ ነው። ግን እየሳቀች ስለምትናገር ሰው አይቀየማትም።

«ጓድ፣ አፈር ስሆን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተስ ትሄዳለህ?»

«የኔ ሥራ እዚህ ነው።»

«ውይ፣ አዘንኩልህ። አንደኛ የወጣውን ለእኛ ትተህ መጨረሻ የወጣው ላይ ልትቀር ነው?»

ሳቁ መጣና ወዲያው ጠፋ። በዚያ ዘመን ለካድሬ እንዲህ አይባልም። አባቴ መሬት መሬት አየ። ሰይድ ቀሚሷን ስቦ አስቀመጣት። «ተይ እንጂ አንቺ ሴት፣ ሰውዬው እኮ ለደጉ ብሎ ነው» አላት። ሰይድ እንዲህ ነበር። ሁሉ ነገር መልካም ይመስለዋል። ያረረ ሽሮ ብታቀርብለት «ጭሱ አጣፈጠው» የሚል ሰው ነው።

ክርክሩ ግን በረታ። ገሚሱ እዚህ ከመሞት እንሂድ አለ። ገሚሱ የማናውቀውን አገር በሌላ ሰው አፍ አንለካም አለ። ካድሬው ለሳምንት ቁርጡን እንድንነግረው፣ የሚሄድ ካለ ሐይቅ ላይ መኪና እንደሚቆም ተናገረ። ያን ጊዜ አባ እንድሪስ ምርኩዛቸውን አንስተው መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

በቅሬያችን አንድ ልማድ ነበር። ለሰደቃም ለቅርጫም በሬ ሲገዛ ቅሬው ዓይን ይልካል። ዓይን ሆነው የሚሄዱት ሁልጊዜ ሁለት ናቸው፤ አንዱ አመስጋኝ፣ አንዱ አጣጣይ። ሲመለሱ አመስጋኙ የበሬውን መልካም ይናገራል፣ አጣጣዩ ነውሩን ይናገራል። ቅሬው ሁለቱንም ሰምቶ መሐሉን ይወስዳል። ዓይን ያላየውን በሬ አንገዛም።

«በሬ እንኳ እንዲህ ነው የምንገዛው» አሉ አባ እንድሪስ። «አገርማ እንዴት ሳይታይ ይገዛል? ሁለት ሰው ሄዶ ይይልን። መልካም ከሆነ ቅሬው ከነመቃብር ቆፋሪው አንድ ላይ ይሄዳል። ክፉ ከሆነ እዚሁ አላህ እንዳለን እንሆናለን።»

ማንም ስም አልጠራም። ግን የሰዉ ሁሉ ዓይን ወደ ሰይድና ወደ ዘምዘም ዞረ። በአንድ ጎጆ ውስጥ አመስጋኝና አጣጣይ ያለው እነሱ ዘንድ ብቻ ነው። ልጅም ገና አልወለዱም።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ ሰይድ። ዘምዘም አባቴን አየችው፣ ከዚያ እናቴን። «እሱ ብቻውን ከሄደማ ጅቡንም አመስግኖ ነው የሚመጣው» አለችና ተስማማች።

አባቴ ካድሬውን ጠየቀው። «ለበልግ ዘር ይመለሳሉ?»

«ማን ይከለክላቸዋል?» አለ ካድሬው።

ይህችን ቃል ዕድሜዬን ሙሉ ሳገላብጣት ኖሬያለሁ። ዋሽቶ ይሁን፣ እሱም ሳያውቅ ይሁን አላውቅም። እኛ ግን መንገድ ማለት መሄጃም መመለሻም ነው ብለን አመንን። ከገበያ በቀር መንገድ የማናውቅ ሰዎች ነበርን።

የሄዱበት ጠዋት የጥቅምት ውርጭ ነበር። ከመንደር ተነስተን በእግር ሐይቅ ስንደርስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው፤ ከውሃው ላይ ጉም ይነሳል። አስፋልቱ ዳር የጭነት መኪኖች ተደርድረዋል፤ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ከነልጁ ከነማሰሮው ይሳፈራል። እነዚያ ለማየት የሚሄዱ አልነበሩም፣ ጠቅልለው የሚሄዱ ነበሩ። እናቴ ይህን ስታይ የቆሎውን ከረጢት ለዘምዘም አልሰጥ አለች።

«አምጪ እንጂ እማ» አለቻት ዘምዘም። «አጣጥዬው እመለሳለሁ። አንቺ ብቻ እስከ በልግ ጥጃውን አትሽጪብኝ።»

«አብሬሽ ልሂድ» አልኳት እኔ።

«አንቺ? አንቺማ የጫማ ጠጠር የሚያስለቅስሽ። እማን ጠብቂ» አለችኝና ጉንጬን ቆነጠጠችኝ። ሰይድ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋላት፣ ወጣች። መኪናው ወደ ደሴ አቅጣጫ ሲንቀሳቀስ የመኪናውን መደገፊያ ብረት ዝገት እያየች ስታጉረመርም አየኋት። ሰይድ ይስቃል። የመጨረሻዬ ይኸው ነው።

በልግ መጣ፣ ጥቂት ዘነበ። እነሱ አልመጡም። መኸር መጣ። ካድሬው ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል አሉን። ሌላ ካድሬ መጥቶ ቅሬው ለምን እንደማይሄድ ሲቆጣ አባ እንድሪስ ተነስተው ቆሙ።

«ዓይናችን አልተመለሰም» አሉ። «ሻጩ ዓይንን ካስቀረ፣ በሬው እንዴት እንደሆነ ነገረን ማለት ነው።» ይህን ብለው ተቀመጡና በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከቅሬያችን ከዚያ ወዲህ በፈቃዱ የሄደ ሰው የለም። ብዙዎቻችን የተረፍነው በዚህ ነው፤ ወይም እንዲህ ይመስለኛል። አባቴ ግን «ቅሬው ዳነ» የሚል ሰው ካለበት ቦታ ተነስቶ ይሄድ ነበር።

ኋላ አንድ የየጁ ሰው እነሱ ካሉበት ከወለጋው ሰፈራ አምልጦ፣ ሌሊት በጫካ እየሄደ ቀን እየተደበቀ መጥቶ መንደራችንን ጠይቆ ደረሰ። እግሩ አብጦ ነበር። እናቴ እግሩን በሞቀ ውሃ እያጠበች፣ እሱ የሚናገረውን እየሰማች፣ ቀና ሳትል ጨረሰች። ሰይድ በወባ ሞቷል። የቀበሩት ቋንቋቸውን የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ደግ ሰዎች ናቸው፣ አልቅሰውለታል አለ። ዘምዘም ነፍሰ ጡር ስለነበረች አብራው ልታመልጥ አልቻለችም። ለአባ እንድሪስ የላከችውን ቃል ግን ይዞ መጥቷል።

«ሳሩ ረጅም ነው፣ ሰማዩ አጭር ነው፤ የሰፈራው ሬዲዮ ብቻ ነው የሚጮኸው፣ ሰው አፉን ይዟል በልልኝ አለች። ዝናቡን ግን አልዋሹም፣ አፈሩም ጥቁር ነው፣ ዘር ጥለው አያፍሩበትም በልልኝ አለች።»

ዘምዘም አንድም ነገር ስታመሰግን የሰማ ሰው መካከላችን አልነበረም። ሰይድ ስለሞተ የእሱን ድርሻ እሷ መናገሯ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መንገዱን ዘጋው። መንግሥት ተለወጠ፣ እናትና አባቴ በተራ አለፉ። እኔ አግብቼ ሐይቅ ገባሁ። እንደገና ለውጥ መጣ ተባለ፣ እንደገና ጦርነት ተከተለው፤ በዚያ ወቅት ልጆቼን ይዤ ስሸሽ በሩን ለመቆለፍ እንኳ አልደረስኩም። ከጦርነቱ በኋላ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች ከተማችን አጠገብ ሰፈሩ። የወሎ ልጆች፣ የወሎ የልጅ ልጆች ናቸው። ዳቦ ይዤ እየሄድኩ ከድንኳን ድንኳን ጠየቅሁ። አንዲት ሴት ዘምዘም የምትባል ባልቴት አውቃለሁ፣ ሦስት ልጆች ነበሯት፣ ስንሸሽ በሌላ አቅጣጫ ሄዱ አለችኝ። ነገረኛ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ኧረ እንዲያውም ዝምተኛ ናት» አለችኝ። እሷ ትሁን አትሁን ሳላውቅ ተመለስኩ።

ከማል እስካሁን አልወሰነም። እኔ ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ብዙ አልተማርኩም፣ ደረጃ የሚያወጡትንም ሰዎች አላዋቂ ናቸው አልልም። ሀኪም ቤቱንም ኪራዩንም ይለኩ፣ መለካት አለበት። እኔን ከጠየቁኝ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንዲለኩ እነግራቸዋለሁ፤ የሄደ ሰው ተመልሶ ያየውን መናገር ይችላል ወይ? ይህን ለከማል ስነግረው «ስልክ አለ እኮ እማ» አለኝ። አዎ፣ ስልክ አለ። ደህና ነህ ስለው አልሐምዱሊላህ እንዳይለኝ ብቻ ነው የምፈራው።

እህቴ ዘምዘም ይመር አሊ ትባላለች፤ የአምባሰል ሰው ናት፤ ባሏ ሰይድ ይባል ነበር። ከግራ ቅንድቧ በላይ የልጅነት ጠባሳ አላት። በሕይወት ካለች ከስልሳ ዓመት በላይ ይሆናታል። ከወለጋ የመጣችሁ፣ ወይም እዚያ ዘመድ ያላችሁ፣ እሷንም ሆነ ከልጆቿ አንዱን የምታውቁ ካላችሁ የት እንዳሉ ንገሩኝ።